ቁጭም ጋደምም ያልሆነ እንቅልፍ

ሆዱን ኦፕሬሽን ሆኖ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው ድሬዳዋ ሳቢያን ውስጥ ጠያቂ አያጣም። ጠያቂው ከበሩ ሳይዘልቅ የሚለውም አንድ ነው፤ «አቦ ተጋደም እንጂ፣ ምን ያስቀምጥሃል!» ድሬ ለታላቅም ለታናሽም «አንተ» ብላ የምትናገር ከተማ ናትና ሽማግሌም ቢሆን ከዚህ ትእዛዝ አያመልጥም። አስታማሚዋ ትራሱን ትቀንሳለች፣ በሽተኛው በጀርባው ይዘረጋል፣ ከዚያ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ ያነጋል። ደግነቱ ደግነት ነው፤ ምክሩ ግን ስህተት ነው። ሆዱ የተሰፋ ሰው የሚተኛው ከወገቡ ቀና፣ ከጉልበቱ አጠፍ ብሎ ነው።

ምክሩ ከየት እንደመጣ መገመት አይከብድም። በኦፕሬሽን ከሚወልዱ እናቶች አብዛኛዎቹ የሚደነዝዙት ከጀርባ በሚወጋ መርፌ ነው። ከዚያ በኋላ ራስ ምታት እንዳይነሳ በሚል ለጥቂት ሰዓታት ያለ ትራስ ማስተኛት በብዙ ሆስፒታሎች የቆየ ልማድ ነው። ለጥ ብሎ መተኛት ራስ ምታቱን እንደማያስቀር በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ቢያሳዩም ልማዱ አልቀረም። ይባስ ብሎ የጥቂት ሰዓታቱ ትእዛዝ ቤት ሲደርስ የሳምንታት ይሆናል፤ ጀርባውን ያልተወጋውም ሰው አብሮ ይዘረጋል።

የሆድ የፊት ጡንቻ ከታችኛዎቹ የጎድን አጥንቶች ተነስቶ እስከ ብሽሽት ይወርዳል። እግር ሲዘረጋ ይወጠራል፤ ስፌቱንም አብሮ ይስበዋል። ጭንቅላትና ደረት ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ቀና ሲሉ፣ ጉልበትም ትንሽ ሲነሳ ግን የጡንቻው ሁለት ጫፎች ይቀራረቡና ውጥረቱ ይረግባል። ጥቅሙ በስፌቱ ብቻ አያበቃም። ለጥ ብሎ የተኛን ሰው የሆድ ዕቃው ሳንባውን ከታች ወደ ላይ ይገፋዋል። እሱም ሕመሙን ፈርቶ በአጭር በአጭሩ ስለሚተነፍስ የሳንባው ታችኛ ክፍል በቂ አየር አያገኝም፣ አክታም ያቁራል። ከሆድ ኦፕሬሽን በኋላ የሳንባ ምች ከሚገባባቸው በሮች አንዱ ይህ ነው። ቀና ብሎ የተኛ ሰው ግን ሆዱ ወደ ታች ስለሚወርድለት ትንፋሹ ይሰፋል።

ይህን አቀማመጥ በሰፊው ያስተዋወቀው የኒውዮርክ ብሩክሊኑ ቀዶ ሐኪም ጆርጅ ራየርሰን ፋውለር ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1900 ነበር። ፋውለር ያኔ ያሳሰበው የበሽተኛው እንቅልፍ አልነበረም። አንቲባዮቲክ ገና ባልነበረበት በዚያ ጊዜ ትርፍ አንጀት ፈንድቶ መግሉ ሆድ ውስጥ ሲሰራጭ ብዙ ሰው ይሞት ነበር። ፋውለር ራስጌውን ከፍ አድርጎ መግሉ ወደ ዳሌ እንዲወርድ አደረገ፤ እዚያ የተጠራቀመውን ማውጣት ይቀላልና። ዘዴው ሠራ፤ አልጋው ግን አልተመቸም። ራስጌው ብቻ ከፍ ያለ አልጋ ላይ የተኛ ሰው እየተንሸራተተ ግርጌ ይደርሳል፤ ነርሶቹም ሌሊቱን ሙሉ ሲጎትቱት ያድራሉ።

እ.ኤ.አ. በ1909 ዊሊስ ጋች የተባለ ሌላ አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም ለዚህ መላ አገኘ፤ መኝታው በየክፍሉ የሚታጠፍ አልጋ። አንዱ ክፍል ጀርባን ቀና ያደርጋል፣ ሌላው ጉልበትን ያነሳል። ጉልበቱ የታጠፈ ሰው ደግሞ አይንሸራተትም። ዛሬ በሳቢያን ሆስፒታልም ይሁን በድል ጮራ፣ በየትም አገር ዋርድ ውስጥ ግርጌው ላይ የሚዘወር እጀታ ያለው አልጋ ሁሉ የጋች ውርስ ነው። ሁለት እጀታ ካለው አንዱ የጀርባ፣ ሌላው የጉልበት ነው። አስታማሚዎች የጀርባውን ቶሎ ይለምዱታል። የጉልበቱ እጀታ ግን ብዙ ጊዜ የሚነካው ሳያገኝ ያድራል፤ በሽተኛውም እንደ ፋውለር ዘመን ሰው ሲንሸራተት ያድራል።

ቤት ውስጥ እጀታ የለም፤ ወንበር ግን አለ። ጠንካራ መደገፊያ ያለው የእንጨት ወንበር አልጋው ላይ ራስጌ በኩል ይገለበጣል። የመቀመጫው የፊት ጠርዝና የመደገፊያው ጫፍ ፍራሹ ላይ ያርፋሉ፣ አራቱ እግሮች ወደ ግድግዳው ይዞራሉ፣ የመደገፊያው ጀርባ ተዳፋት ይሠራል። በላዩ ትራስ ሲደረደርበት የጋች አልጋ ግማሹ ተሠራ ማለት ነው። ለጉልበቱ ደግሞ ጋቢ ጠቅልሎ ከጭኑ ሥር ማስገባት ይበቃል፤ በድሬ ሙቀት ከሳጥን ወጥቶ የማያውቅ ጋቢ በመጨረሻ ሥራ አገኘ። ጥቅሉ ባቱን እንዳይጫነው መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ባት ለረጅም ሰዓት ሲጫን የደም ዝውውሩ ይዘገያል፣ እግር ውስጥ ደም የመርጋት አደጋም ይጨምራል። ስለዚህ ነቅቶ ባለበት ሰዓት ሁሉ ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ፣ በቀን ደግሞ ደጋግሞ ተነስቶ መራመድ ይገባል። መሐሉ የጎደጎደ የሽቦ አልጋ ከሆነ ከፍራሹ ሥር ጣውላ ይግባበት። መሬት ላይ የተነጠፈ ፍራሽ ግን ለዚህ ጊዜ አይሆንም፤ ከመተኛቱ ይልቅ መነሳቱ ያሳቅቃል።

አብዛኛው ሰው ሌሊት ላይ የሚጮኸውም ሲነሳ ነው። በቀጥታ ከጀርባ ብድግ ማለት የሆድን ጡንቻ በሙሉ ኃይሉ ያሠራዋል። አነሳሱ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ሁለቱም ጉልበቶች ይታጠፋሉ። ከዚያ ትከሻና ዳሌ ሳይጠማዘዙ አንድ ላይ ወደ ጎን ይዞራሉ። እግሮቹ ከአልጋው ጠርዝ ሲወርዱ በዚያው ቅጽበት ክንድ ፍራሹን ይገፋል፤ የእግሮቹ ክብደት ደረትን ወደ ላይ ያነሳዋል። ሲጋደሙ ያው ነገር ወደ ኋላ ይመለሳል። ለሱብሂ ወይም ለኪዳን የሚነሳ ሰው ይህን ቀድሞ ቢለማመድ ይጠቀማል። ሱጁዱን በተመለከተ የእስልምና ሕግ ራሱ ለታመመ ሰው ተቀምጦ ወይም ተኝቶ መስገድን ፈቅዷል። ሳል ወይም ማስነጠስ ሲመጣ ደግሞ ትንሽ ትራስ ስፌቱ ላይ አጥብቆ ማቀፍ ሕመሙን በእጅጉ ይቀንሳል። ያችው ትራስ ከሆስፒታል ቤት ድረስ በባጃጅ ለሚመለስ ሰውም ታስፈልጋለች፤ ኮብልስቶኑን ያየ ያውቀዋል።

ወደ ጎን መተኛት ይቻላል፤ በጉልበቶቹ መሐል አንድ ትራስ፣ ሆዱ እንዳይንጠለጠል ከፊቱ ሌላ ትራስ ይደረጋል። በሆድ መተኛት ግን ሐኪሙ እስኪፈቅድ ለሳምንታት ይቆይ።

የሚቀረው የድሬ የራሷ ጣጣ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በግንቦትና በሰኔ ቀኑ ከ35 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፣ ቆርቆሮ ጣሪያው የዋጠውን ሙቀት ሌሊት ይመልሰዋል። በላብ የራሰ ፋሻ ለቁስል አይበጅም፤ ከረጠበ መቀየር አለበት። ማራገቢያው አየሩን ያንቀሳቅስ እንጂ በቀጥታ ቁስሉ ላይ አይነጣጠር። ለልብስ ድሬ የተባረከች ናት። በኦፕሬሽን ለወለደች ሴት ከድሪያ የተሻለ የሌሊት ልብስ አላውቅም፤ ስፌቷ ላይ የሚያርፍ መታጠቂያ የለውም። ወንዱ ግን ሽርጡን እንደ ልማዱ ከእምብርቱ በታች ከቋጠረው ቋጠሮው ስፌቱ ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ ወይ ከፍ አድርጎ ያላላው፣ ወይ ሰፊ ጀለቢያ ይልበስ። ሆድን በነጠላ ማሰር የሚወዱ እናቶች አሉ። ላላ ያለ መታጠቂያ ሲራመዱ ሊያግዝ ይችላል፤ ጥብቅ አድርጎ አስሮ መተኛት ግን ትንፋሽ ይቆርጣል።

ሙቀቱ ሲበረታ አልጋን ግቢ አውጥቶ መተኛት የድሬ የቆየ ጥበብ ነው፤ ለበሽተኛም ቢሆን መልካም ነው፣ አጎበር ካለ። በእስያ የምትታወቀው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ተገኘች፤ በ2022 ድሬዳዋ ላይ በደረቁ ወራት ለተነሳው የወባ ወረርሽኝም ከእሷ ጋር የተያያዘ ማስረጃ ተገኝቷል። ይህች ትንኝ ረግረግ አትጠብቅም፤ ውኃ በሚጠራቀምበት በርሜልና ታንከር ውስጥ ትራባለች፣ ድሬ ውስጥ ደግሞ በርሜል የሌለበት ግቢ የለም። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጊን፣ በ2019 ቺኩንጉንያን አይታለች፤ እነዚህን የምታስተላልፈው ትንኝ የምትናከሰው ቀን ነው። ስለዚህ ከምሳ በኋላ ከተማው ሁሉ ሲያሸልብ የሚተኛው በሽተኛም አጎበሩን ማውረድ አለበት። በስፌት ላይ የወባ ትኩሳት ከተጨመረ የቁስል ኢንፌክሽን ይሁን ወባ ቤት ውስጥ መለየት አይቻልም፤ ደም መመርመር ግድ ነው።

ጫትን ሳያነሱ ስለ ድሬ እንቅልፍ መጻፍ አይቻልም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ልብን ያፈጥናል፣ እንቅልፍ ይከለክላል፤ ጫቱ ሆድም ያደርቃል። ድርቀቱ በተለይ የሆድ ስፌት ጠላት ነው፤ ሲያምጡ ስፌቱ ይወጠራልና። ከኦፕሬሽኑ በፊት የሚቅም ሰው ለሰመመን ሰጪው ባለሙያ ሳያፍር መናገር አለበት። ብዙዎች ያላሰቡት ግን ሲያቆሙ የሚመጣውን ነው። በርጫ የለመደ ሰው በድንገት ሲያቆም ዱካክ ይመጣበታል፤ ሲያሳድዱት፣ ሲያንቁት የሚያድርበት ቅዠት። በሌላ በኩል ከከባድ ኦፕሬሽን በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ሕልም የሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል ይቀንስና፣ ከጥቂት ሌሊቶች በኋላ ተጠራቅሞ ይመለሳል፤ ጫት ቀምሶ የማያውቅ ሰውም በዚያን ጊዜ ሊቃዥ ይችላል። ሁለቱ የተገናኙበት ሰው እየጮኸ ቢነሳ እኔ አይገርመኝም። ቤተሰብ ጂን ነው ብሎ ከመደናገጡ በፊት ይህን ማወቁ ይጠቅማል፤ ጊዜው ሲደርስ ያልፋል። ሰውየው ያለበትን ካላወቀ ወይም ቀንም ከተደናገረ ግን ወደ ሐኪም ነው።

የታዘዘው ፓራሲታሞል ወይም ሌላ ማስታገሻ ከመኝታ ግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ቢወሰድ ሕመሙ ሳይነሳ እንቅልፍ ይቀድመዋል። ትራማዶል ሆድ ያደርቃል፣ ያፈዛል፤ ለምታጠባ እናት ደግሞ አይመከርም። ለድርቀቱ ብዙ ውኃ፣ ፓፓያና ተልባ ይረዳሉ፤ መብላት በተፈቀደ ጊዜ።

እንቅልፍ የሚነሳው ነገር ሁሉ ደግሞ በትራስ አይፈታም። ትኩሳት፣ መግል ወይም መቅላት፣ እየነፋ የሚሄድ ሆድ ከማስመለስና ፈስ ከመከልከል ጋር፣ የአንድ እግር ባት እብጠት፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ከታየ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል መሄድ ይገባል። ከዚህ ውጪ የብዙ ሰው ሕመም ከሳምንት ወደ ሳምንት ይቀንሳል፤ የተገለበጠው ወንበርም አንድ ቀን ወደ ቦታው ይመለሳል። ሃያ ሊትር ውኃ የሞላው ጀሪካን ግን 20 ኪሎ ነው፤ ሆዱ ለተከፈተ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ሳምንት ያህል ከእሱ መራቅ ይታዘዛል፣ ውኃው የመጣበት ሰዓት ሌሊት ቢሆንም።