ቅዳሜና እሑድ በኮቺ ከተማ

ለሥራ ወደ ባዕድ አገር የተላከ ሰው ከጉዳዩ የሚተርፈው ጊዜ ጥቂት ነው። እኔም ባለፈው ዓመት በጥር ወር ስለ መምህራን ትምህርት ወደ ደቡብ ሕንድ፣ ኬረላ ወደሚባለው አገር ተልኬ ሁለት ሳምንት ስቀመጥ፣ በመካከሉ ነፃ ሆና የተገኘችው አንዲት ቅዳሜና አንዲት እሑድ ብቻ ነበረች። አብረውኝ የሄዱት ባልደረቦቼ ሁለቱንም ቀን በገበያ ለማሳለፍ ቈረጡ። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ለቤቴ የምገዛው ነበረኝ። ነገር ግን እሑድን ሳላስቀድስ መዋል ከልጅነቴ ጀምሮ ያልለመድሁት ስለ ሆነ፣ ቅዳሜን ከተማውን ለማየት፣ እሑድን ቤተ ክርስቲያን ለመፈለግ አሰብሁ።

ያረፍነው ኤርናኩላም በሚባለው በአዲሱ ከተማ ነው። አሮጌው ኮቺ ከውኃው ማዶ ስለሚገኝ በጀልባ ይሻገሩታል፤ ዋጋው ከአንድ ብርጭቆ ሻይ አይበልጥም። በባሕሩ ዳር የቻይና መረብ የሚባሉት ተሰልፈው ቆመዋል። ረጃጅም ግንዶች ተቀልሰው ሰፊ መረብ ያንጠለጥላሉ፤ ከኋላቸው በገመድ የታሰሩ ድንጋዮች ሚዛን ሆነው ይይዙአቸዋል። አራት አምስት ሰዎች ገመዱን ሲስቡ መረቡ ከውኃው ይነሣል፣ ሲለቁት ይጠልቃል። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆሜ ተመለከትሁ፤ የወጣው ዓሣ ግን ለአንድ ቤተሰብ ራት የሚበቃ አልነበረም።

ከዚያ ጥቂት እንደ ሄዱ የቅዱስ ፍራንሲስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ፖርቱጋሎች በ1503 ዓ.ም. መጀመሪያ በእንጨት፣ በኋላም በድንጋይ የሠሩት ነው፤ ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ። ከእነርሱ ወደ ሆላንዶች፣ ከሆላንዶች ወደ እንግሊዞች እየተላለፈ ዛሬ የፕሮቴስታንቶች ሆኗል። ቫስኮ ዳ ጋማ በ1524 በዚህች ከተማ ሞቶ በዚሁ ተቀበረ፤ ዐፅሙ በ1539 ወደ ፖርቱጋል ቢፈልስም የመቃብሩ ድንጋይ እስከ ዛሬ ይታያል። ጎብኚዎች ዙሪያውን ከበው ፎቶግራፍ ያነሣሉ። እኔ ግን ያሰብሁት ስለ ልጁ ነበር። ክሪስቶቮ ዳ ጋማ በ1541 አራት መቶ ወታደሮች አስከትሎ በምጽዋ ወርዶ፣ ከግራኝ አሕመድ ጋር ሲዋጋ በማግሥቱ ዓመት ተማርኮ የተገደለው በእኛ አገር ነው። ያን ጊዜ ለርዳታ መጡልን፤ ከእነርሱ በኋላ የመጡት ደግሞ ሃይማኖታችንን ሊያስለውጡን ሞከሩ።

ከዚህ ወጥቼ የአይሁድን ምኵራብ ለማየት ማታንቸሪ ወደሚባለው ሰፈር ወረድሁ። በ1568 የተሠራ ዝነኛ ምኵራብ ነው። ብደርስ ተዘግቷል፤ ቀኑ ቅዳሜ ነው! ኦሪትን የተማረ ሰው ይህን አለማሰቡ ራሴን አሳቀኝ። መንገዱ ሁሉ ዝንጅብል፣ እርድ፣ ሄልና ቁንዶ በርበሬ ይሸታል። ከአንዱ ባለ ሱቅ ቁንዶ በርበሬ እየገዛሁ ስለ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጠየቅሁት።

ይህን የጠየቅሁበት ምክንያት አለ። ጧት የሆቴሉ ጸሐፊ «የሶርያ ክርስቲያኖች» ብሎ የጠቈመኝ ቤተ ክርስቲያን የካቶሊኮች ሆኖ ተገኝቶ ነበር። በኬረላ በሐዋርያው ቶማስ ስብከት ያመንን ነን የሚሉ ሁሉ የሶርያ ክርስቲያኖች ይባላሉ፤ ከእነርሱ ግን ከሮም ጋር የተባበሩ አሉ፣ ወደ ፕሮቴስታንት ትምህርት ያዘነበሉ አሉ። ከእኛ ጋር በሃይማኖት አንድ የሆነችው፣ ካቶሊኮሷ በኮታያም የሚቀመጡላት የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ በ1965 በአዲስ አበባ በተደረገው የአብያተ ክርስቲያናት መሪዎች ጉባኤም ካቶሊኮሷ ተገኝተዋል። ባለ ሱቁ፣ «እዚሁ ማታንቸሪ አለች፤ ኩናን ኩሪሹ በላቸው፣ ያሳዩሃል» አለኝ።

እሑድ ጧት ሄድሁ። ጫማ በደጅ ይወልቃል፤ ሴቶቹ ራሳቸውን ተከናንበዋል፤ ወንዶችና ሴቶች በየወገናቸው ይቆማሉ፤ በመቅደሱ ፊት መጋረጃ አለ። ቅዳሴውን ቍርባና ይሉታል። ቋንቋው ማላያላም ስለ ሆነ አንድም አልገባኝ፤ ሆኖም በመካከሉ «ኪርያላይሶን» ሲሉ አፌ ሳላዝዘው አብሮ መለሰ። ለመቍረብ አልተዘጋጀሁም ነበርና ቆሜ አስቀደስሁ።

ሕዝቡ ሲወጣ አንድ አዛውንት ቀርበው ካገሬ ጠየቁኝ። «ኢትዮጵያ» ብላቸው ቀጥ ብለው ቆሙና በአማርኛ «ዝም በሉ! ደብተር አውጡ!» አሉኝ። በወጣትነታቸው ደብረ ማርቆስ ሒሳብ ያስተምሩ ኖሯል። ከኬረላ ወደ አገራችን የመጡ መምህራን ብዙ እንደ ነበሩ የሚታወቅ ነው፤ በኋላ በሊቅነታቸው የታወቁት ጳጳስ ጳውሎስ ማር ግሪጎርዮስ እንኳ ከ1947 እስከ 1950 በኢትዮጵያ መምህር ነበሩ።

ከጥላ ሥር ተቀምጠን ኩናን ኩሪሹ ምን ማለት እንደ ሆነ አዛውንቱ ነገሩኝ። ፖርቱጋሎች በ1599 ዲያምፐር በሚባል ስፍራ ጉባኤ አድርገው ሕዝቡን ከሮም በታች አደረጉት፤ የሱርስት መጻሕፍቱም እንዲታረሙና እንዲቃጠሉ ፈረዱ። ከብዙ ዘመን በኋላ አሐተላ የሚባል ጳጳስ ቢመጣ ይዘው ወደ ጎዋ በመርከብ ላኩት። መርከቡ በኮቺ ሲያልፍ ሕዝቡ ጳጳሱን እንዲያሳዩት ለመነ፤ ተከለከለ። በባሕር አሰጠሙት የሚል ወሬም ተሰማ። ስለዚህ በጃንዋሪ 3 ቀን 1653 በዚህ ተሰብስበው፣ ጀስዊት ለሚባሉት የሮም መነኮሳት ከእንግዲህ እንዳይታዘዙ በመስቀል ፊት ማሉ። ሁሉም መስቀሉን ሊነካው ስላልቻለ ረጃጅም ገመድ አስረውበት ገመዱን ይዘው ማሉ። ከጉተታው የተነሣ መስቀሉ ዘመመ ይባላል፤ ኩናን ኩሪሹም የዘመመ መስቀል ማለት ነው።

እኔም በተራዬ ዐፄ ሱስንዮስ የሮምን ሃይማኖት ተቀብለው ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ፣ በ1632 የአባቶች ሃይማኖት እንዲመለስ አዋጅ መንገራቸውንና ለልጃቸው ለፋሲለደስ ዙፋናቸውን መልቀቃቸውን ነገርኋቸው። የሒሳብ መምህር ናቸውና ወዲያው «ሃያ አንድ ዓመት ቀደማችሁን» አሉኝ። ከዚያ ግን ድምፃቸው ዝቅ አለ። ከመሐላው በኋላ ዐሥር ዓመት ሳይሞላ ብዙው ሕዝብ ወደ ሮም ተመለሰ፤ የቀሩትም ዛሬ እርስ በርሳቸው ስለ አብያተ ክርስቲያናት በፍርድ ቤት ይካሰሳሉ። «ገመዱን አብረን ይዘን ነበር» ብለው ዝም አሉ።

ወደ ሆቴል ስመለስ በጀልባው ላይ ያሳፈረኝ ነገር ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ የሱስንዮስን ዘመን ሳስተምር፣ ይህን መከራ ተቀብላ የጸናች በዓለም ኢትዮጵያ ብቻ ናት ስል ኖሬአለሁ። ቁጥሩን ያልተማርሁት ብዙ ልጅ ይህን ሰምቶ ወጥቷል።

በዚህ ዓመት ትምህርቱ በደረሰ ጊዜ የሕንድን ካርታ ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ሰቀልሁና ስለ ገመዱ ነገርኋቸው። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «የኔታ፣ እነርሱም ጾመ ነነዌን ይጾማሉ?» አለኝ። «ይጾማሉ፤ እንደኛው ሦስት ቀን» አልሁት።

«እንግዲያውስ እንደኛው ይርባቸዋላ!» አለና ተቀመጠ።