የደቡብ አሜሪካዋ ጩቤ ዝንብ፦ ማንነቷ የሚለየው እንዴት ነው?



ቤታችን ውስጥ ዝንብ ስትገባ አብዛኞቻችን «ዝንብ ናት» ብለን በፎጣ እናባርራታለን፤ ጉዳዩም እዚያው ያበቃል። ይሁን እንጂ እስከ ዛሬ ተመዝግበው ስም የተሰጣቸው የዝንብ ዓይነቶች ብቻ ከ150 ሺህ በላይ መሆናቸውን ስንቶቻችን እናውቃለን? ትንኝም የዚሁ ጎራ አባል ናት። እነዚህ ሁሉ አንዱ ከሌላው የሚለዩት እንዴት ነው? ስምስ የሚያወጣላቸው ማን ነው? መለየቱስ ለማን ይጠቅማል? በዛሬው ዝግጅታችን ከደቡብ አሜሪካ አንዲት ዝንብ መርጠን እነዚህን ጥያቄዎች ለመመለስ እንሞክራለን።

የመረጥናት ዝንብ በሳይንሱ ዓለም «ቴሬቪዴ» ከተባለው ቤተሰብ ናት። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ስቲሌቶ ዝንብ» ይሏታል። ስቲሌቶ ማለት ቀጭንና ጫፉ የሾለ ጩቤ ነው። ሆዷ ወደ ኋላ እየቀጠነ ሄዶ ስለሚሾል ነው ይህን ስም ያገኘችው። እኛም ለዛሬው ውይይታችን «ጩቤ ዝንብ» እንበላት። ስሟ ቢያስፈራም ሰውንም ሆነ ከብትን አትነክስም፣ ደምም አትመጥም። ምግቧ የአበባ ማርና የመሳሰለው ፈሳሽ ነገር ነው። በዓለም ላይ ከአንድ ሺህ በላይ የጩቤ ዝንብ ዝርያዎች የታወቁ ሲሆን፣ አብዛኞቹ የሚወዱት ደረቅና አሸዋማ ቦታ ነው። በደቡብ አሜሪካ ከቺሊ ደረቅ የባሕር ዳርቻ አንስቶ እስከ አርጀንቲና ፓታጎኒያ ድረስ ይገኛሉ።

እንግዲህ አንድ ተመራማሪ ከቺሊ አሸዋ ላይ አንዲት ዝንብ ያዘ እንበል። መያዣው ብዙውን ጊዜ «የማሌዝ ወጥመድ» የሚባል ድንኳን መሰል መረብ ነው። ሬኔ ማሌዝ የተባለው ስዊድናዊ ይህን ወጥመድ የፈለሰፈው፣ ድንኳኑ ውስጥ የገቡ ነፍሳት መውጫ ፍለጋ ወደ ላይኛው ጥግ እንደሚሰበሰቡ አስተውሎ ነው፤ አሠራሩንም በ1937 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ አሳወቀ። ዝንቧ ከተያዘች በኋላ በቀጭን እስፒል ተወግታ ትደርቃለች። ከሥሯም የተያዘችበት ቦታ፣ ቀኑና የያዛት ሰው ስም የተጻፈበት ትንሽ ወረቀት ይደረጋል። ይህ ወረቀት ከጠፋ ዝንቧ ለሳይንስ ያላት ዋጋ እጅግ ይቀንሳል። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ምስክር ቃሉ ምን ያህል ይታመናል?

ቀጣዩ ሥራ ቤተሰቧን መለየት ነው። ጩቤ ዝንብ በብዛት የምትምታታው ሌሎች ነፍሳትን እያደነች ከምትበላው «ቀማኛ ዝንብ» ጋር ነው። ሁለቱም ረዘም ያሉ፣ ጠጉራምና ሆዳቸው የሾለ ናቸው። ታዲያ በምን ይለያሉ? የቀማኛዋን ዝንብ አናት ከፊት ለፊት ብንመለከተው በሁለቱ ዓይኖቿ መካከል ጎድጉዶ ይታያል፤ የጩቤ ዝንብ አናት ግን እንዲህ አይጎደጉድም። የቀማኛዋ አፍ አዳኟ የምትወጋበት ጠንካራ መርፌ ሲሆን፣ የጩቤ ዝንብ አፍ ደግሞ ለስላሳና ሥጋማ ነው። ከፈረስ ዝንብ ጋር እንዳትምታታም እግሯ ይታያል፤ የፈረስ ዝንብ ከጥፍሮቿ ሥር ሦስት ለስላሳ ትራሶች ሲኖሯት ጩቤ ዝንብ ግን ሁለት ብቻ ናቸው ያሏት። በመጨረሻም ክንፏ ይመረመራል። የዝንብ ክንፍ ጅማቶች እንደ ካርታ መንገዶች ናቸው፤ የት እንደሚጀምሩ፣ የት እንደሚነጠሉና የት እንደሚያልቁ በየቤተሰቡ የተወሰነ ነው። በጩቤ ዝንብ ክንፍ ላይ አንደኛው ጅማት ለሁለት ተከፍሎ የክንፉን ጫፍ ከላይና ከታች አቅፎ ያልቃል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው «መለያ ቁልፍ» በሚባል የጥያቄ ሰንሰለት ነው። ቁልፉ በእያንዳንዱ ደረጃ ሁለት አማራጭ ይሰጣል፦ ጠጉር አለው ወይስ የለውም? ጅማቱ ክፍት ነው ወይስ ዝግ? መልሱ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ይመራል። መርማሪው አንዷን ጥያቄ ከሳተ ግን ከዚያ በኋላ የሚሄድበት መንገድ ሁሉ ወደተሳሳተ ቤት ያደርሰዋል።

ከቤተሰብ ቀጥሎ ወገን፣ ከወገን ቀጥሎ ዝርያ ይመጣል። ከባዱ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ቀለም ብዙ ጊዜ ያታልላል። የወንዱ ዓይኖች አብዛኛውን ጊዜ አናቱ ላይ ይገናኛሉ፤ የሴቷ ግን ተራርቀው ይቀመጣሉ። በብዙ ዝርያዎች ወንዱ ብርማ ጠጉር ለብሶ ሲያብረቀርቅ ሴቷ ግን ደብዘዝ ያለች ናት። ይህን ያላስተዋለ ሰው ባልና ሚስቱን ሁለት ዝርያ አድርጎ ሊመዘግብ ይችላል። ስለዚህ ባለሙያዎች ይበልጥ የሚተማመኑት በወንዱ የመራቢያ አካል ቅርጽ ላይ ነው። የሆዱን ጫፍ ቆርጠው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ በተባለ ኬሚካል ውስጥ ይነክሩታል። ሥጋው ይሟሟና ጠንካራው ክፍል ብቻ ይቀራል። ከዚያም በማይክሮስኮፕ እያዩ ይሥሉታል። ላይ ላዩን አንድ የሚመስሉ ዝንቦች በዚህ አካላቸው በግልጽ የሚለያዩበት ጊዜ ብዙ ነው።

ለመሆኑ ዝርያው ከዚህ በፊት ስም እንዳለው በምን ይታወቃል? ይህን ለመረዳት ትንሽ ወደ ታሪክ እንመለስ። ሩዶልፎ አማንዶ ፊሊፒ የተባለው በጀርመን የተወለደ የቺሊ ተመራማሪ በ1865 እ.ኤ.አ. የቺሊን ዝንቦች የሚዘረዝር ሥራ አሳተመ። በ1926 እና 1927 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኤድዋርድስና ሻነን የተባሉ ሁለት ባለሙያዎች በደቡብ ቺሊና በፓታጎኒያ ተዘዋውረው ብዙ ነፍሳትን ሰበሰቡ። የለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየምም በዚሁ ስብስብ ላይ የተመሠረቱ ተከታታይ ጽሑፎችን አሳተመ። የጩቤ ዝንቦቹን ክፍል በ1932 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀው በስኮትላንድ ተወልዶ በአሜሪካ ይሠራ የነበረው ጆን ራስል ማሎክ ነበር። «ሜላኖቴሬቫ» የሚባለውን ወገን የሰየመው እሱ ነው። «ሜላኖ» በግሪክኛ ጥቁር ማለት ሲሆን «ቴሬቫ» ደግሞ ቀድሞ የታወቀ የዚሁ ቤተሰብ ወገን ስም ነው።

ስለዚህ ዛሬ ከቺሊ ዝንብ የያዘ ሰው «አዲስ ዝርያ አገኘሁ» ከማለቱ በፊት እነዚህን ሥራዎች ሁሉ መመርመር አለበት። በስያሜ ሕጉ መሠረት አንድ ዝርያ ሁለት ስም ከተገኘለት፣ እንደ ደንቡ ቀድሞ የታተመው ይጸናል። በ1865 የወጣ ስም በ1932 የወጣውን ይቀድማል ማለት ነው። የጥንቶቹ መግለጫዎች ግን አጫጭር በመሆናቸው ቃላቸው ብቻውን አይበቃም። መፍትሔው «ሆሎታይፕ» ነው። ሆሎታይፕ ማለት ስሙ ሲወጣ ለስሙ ምስክር ሆና በሙዚየም የተቀመጠች አንዲት ናሙና ናት። ክርክር ሲነሳ የሚታየው እሷ ናት። ማንም ሰው ምን ቢል ስሙ የእሷ ነው።

እንግዲህ ምስክሯ ብትጠፋስ? ሴፕቴምበር 2 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. በብራዚል ሪዮ ዴ ጄኔሮ የሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ተቃጠለ። በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ናሙናዎች ከነበሩት የነፍሳት ስብስቡ አብዛኛው አመድ ሆነ። ሕንፃ መልሶ ይሠራል፤ ከመቶ ዓመት በፊት፣ ዛሬ ከተማ ወይም እርሻ በሆነ ቦታ ላይ የተያዘችን ዝንብ ግን መልሶ መያዝ አይቻል ይሆናል። ሕጉ በጠበቀ ቅድመ ሁኔታ ምትክ ምስክር መሰየምን ይፈቅዳል፤ ምትኳ የምትገኘው ግን ዝርያው አሁንም በሕይወት ካለ፣ ወይም በሌላ ሙዚየም ሌላ ናሙና ካለ ነው።

«ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም ለአንዲት ዝንብ ነው?» የሚል አድማጭ ሊኖር ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ያለው ከአፈር ሥር ነው። የጩቤ ዝንብ እጭ ነጣ ያለ፣ እንደ እባብ ቀጭንና ረዥም ሲሆን፣ ሰውነቱ ሃያ ያህል ክፍልፋይ ያለው ይመስላል። አሸዋና ልል አፈር ውስጥ በፍጥነት እየተሹለከለከ ሌሎች እጮችን ያድናል። ከሚበላቸው መካከል «የሽቦ ትል» የሚባለው የጢንዚዛ እጭ አለ። የሽቦ ትል የድንችንና የስንዴን ሥር የሚያበላሽ የገበሬ ጠላት ነው። ችግሩ ሁለቱ እጮች በመልክ መመሳሰላቸው ነው። ያላወቀ ገበሬ ጠላቱን የሚበላለትን ወዳጁን ጠላት ነው ብሎ ይገድላል። ልዩነቱን ግን ልጅም ሊያየው ይችላል፦ የሽቦ ትል ከራሱ አጠገብ ስድስት አጫጭር እግሮች አሉት፤ የጩቤ ዝንብ እጭ ምንም እግር የለውም።

እጩ የየትኛው ዝርያ እንደሆነ ማወቅ ግን ከዚህ ይከብዳል፤ እጭና ዝንብ በመልክ ፈጽሞ አይገናኙምና። ቀድሞ የነበረው መንገድ እጩን አፈር ውስጥ እየመገቡ ዝንብ እስኪሆን መጠበቅ ነበር። ከ2003 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን በካናዳዊው ፖል ሄበርትና ባልደረቦቹ ሐሳብ መሠረት፣ ከአንድ ዘረመል ላይ 650 ያህል «ፊደላት» ብቻ አንብቦ ማወዳደር የተለመደ ሆኗል። በዚህ ዘዴ እጭ ከወላጁ፣ ሴቷም ከወንዷ ጋር ይገናኛሉ። ይህም ቢሆን የሚነበበው ዘረመል የሚወዳደርበት፣ በትክክል የተሰየመ ናሙና ከሌለ ፋይዳው ትንሽ ነው። አዲሱ መሣሪያ የድሮውን ባለማይክሮስኮፕ ሥራ አልሻረውም፤ ደገፈው እንጂ።

ሌላም ጥቅም አለ። «አጋፖፊቲኔ» የሚባለው የጩቤ ዝንቦች ንዑስ ቤተሰብ የሚገኘው በአውስትራሊያና በአካባቢዋ እንዲሁም በደቡብ አሜሪካ ነው። በመካከላቸው ሰፊ ውቅያኖስ አለ። ደቡብ አሜሪካ፣ አንታርክቲካና አውስትራሊያ በጥንት ዘመን ጎንድዋና የተባለ የአንድ ታላቅ ምድር ክፍሎች እንደነበሩ ስናስታውስ ዝምድናቸው አያስገርመንም። የአንዲት ትንሽ ዝንብ የክንፍ ጅማት ስለ አህጉራት ታሪክ ይናገራል ማለት ነው። ምደባው ከተሳሳተ ግን ታሪኩም አብሮ ይሳሳታል።

ውድ አድማጮቻችን፣ ለማጠቃለል፣ ነገርን በስሙ መጥራት ትዕግሥት ይጠይቃል፦ ላይ ላዩን አይቶ አለመፍረድ፣ ቀደም ብለው የሠሩትን መጠየቅ፣ ማስረጃን አደራ ብሎ ጠብቆ ለሚመጣው ትውልድ ማቆየት። ልጆቻችንም ይህን ከደጃፋቸው ሊጀምሩት ይችላሉ። አንድ በራሪ ሲያዩ ክንፎቹን ይቁጠሩ፤ ዝንብ የሚበርባቸው ክንፎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ንብና ቢራቢሮ ግን አራት አሏቸው። ያዩበትን ቀንና ቦታ ደብተራቸው ላይ ይጻፉ። የባለሙያውም ሥራ የሚጀምረው ከዚሁ ነው።