ማኅበራዊ መገናኛና አነስተኛ ንግድ፤ የካርቱም ትምህርት

አንድ ነጋዴ ጥሩ ዕቃ ስለያዘ ብቻ ገበያ አያገኝም። ዕቃው መኖሩን፣ ዋጋውንና የሚገኝበትን ቦታ ገዢው ማወቅ አለበት። «ያላዩት አገር አይናፍቅም» የሚለው የአበው አነጋገር ለገበያም ይሠራል። ይህን የማሳወቅ ተግባር ማስታወቂያ እንለዋለን። ማስታወቂያ በጋዜጣ፣ በራዲዮና በቴሌቪዥን ብቻ ይነገር በነበረበት ዘመን ዕድሉ የባለ ብዙ ገንዘብ ነጋዴ ነበር። ዛሬ ግን አንዲት ቡና አፍልታ የምትሸጥ እናት የእጅ ስልክ ካላት በፌስቡክ፣ በዋትስአፕ፣ በቴሌግራም ወይም በቲክቶክ ስለ ሥራዋ ልትናገር ትችላለች።

ተማሪዎቻችን ይህን ዘዴ ከእኛ ከመምህራን ይልቅ በቅርብ ያውቁታል። ነገር ግን መሣሪያውን ማወቅና ሥራውን ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሦስት ጥያቄዎችን እንመለከታለን። መሣሪያው እንዴት ይሠራል? ትንሽ ነጋዴ በምን መንገድ ይጠቀምበታል? መሣሪያው በድንገት ቢቋረጥ ምን ይተርፋል? ለማስረጃነት የመረጥነው የሱዳንን ዋና ከተማ ካርቱምን ነው። የዘዴው ጥቅምም አደጋም በአንድ ከተማ ውስጥ እንዲህ ጎልቶ የታየበት ስፍራ በአካባቢያችን ጥቂት ነውና።

የካርቱም የጎዳና ንግድ

ካርቱም ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ በሚገናኙበት ስፍራ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በጎዳናዋ ዳር ሻይ የምትሸጥ ሴት «ሲት አሽ-ሻይ» ትባላለች፤ የሻይ እመቤት ማለት ነው። በዛፍ ጥላ ሥር ከሰሏን አቀጣጥላ፣ ዝቅተኛ መቀመጫዎች ደርድራ ሻይ፣ ከርከዴና ዝንጅብል የገባበት ቡና ትሸጣለች። ቡናውን የአገሩ ሰው «ጀበና» ይለዋል፤ የማፍያው ስም ለመጠጡ ተሰጥቶታል ማለት ነው። በዚህ ሥራ ከተሰማሩት ሴቶች ብዙዎቹ ከዳርፉርና ከኑባ ተራሮች በጦርነት ተፈናቅለው የመጡ ሲሆኑ፣ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም በብዛት ነበሩባቸው። ዴም በሚባለው ሰፈርም ከጦርነቱ በፊት የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶችና ሱቆች ይገኙ ነበር።

እነዚህ ነጋዴዎች ማኅበራዊ ግንኙነትን ለሥራቸው ለመጠቀም የእጅ ስልክን አልጠበቁም። ከኑባ ተራሮች የመጣችው ሻይ ሻጭ አዋዲያ ማሕሙድ ኮኮ በ1980ዎቹ መግቢያ የሻይና የምግብ ሻጭ ሴቶችን በኅብረት ሥራ ማኅበር አደራጅታለች። በመጋቢት 2008 ዓ.ም. በአሜሪካ መንግሥት የሚሰጠውን የጀግኖች ሴቶች ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች። ከዚህ የምንረዳው መሠረቱ የሰዎች መተዋወቅና መተማመን መሆኑን ነው። ስልኩ ይህንኑ መተማመን ወደ ሩቅ የሚያደርስ መሣሪያ ነው እንጂ መተማመንን ራሱ አይፈጥርም።

የመሣሪያዎቹ አሠራር

ሁሉም ማኅበራዊ መገናኛ አንድ ዓይነት አይደለም። ፌስቡክ እንደ ገበያ አደባባይ ነው፤ የማያውቁት መንገደኛም ሊያየን ይችላል። ይሁን እንጂ በገጻችን የለጠፍነው ነገር ለተከታዮቻችን ሁሉ አይታይም። ማን ምን ቀድሞ እንዲያይ የሚወስነው ድርጅቱ ነው። በጥር 2010 ዓ.ም. ፌስቡክ ከንግድ ገጾች ይልቅ የወዳጅና የቤተሰብ መልእክቶችን እንደሚያስቀድም አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነጋዴዎች ተከታዮቻቸው ሳይቀንሱ ተመልካቾቻቸው ቀነሱባቸው።

ዋትስአፕ ደግሞ እንደ ሰፈር ቡና ነው። በአንድ ቡድን ውስጥ ከ1,024 ሰዎች በላይ መያዝ አይቻልም። በ«ሁኔታ» ስፍራ የሚለጠፈው ሥዕል ከ24 ሰዓት በኋላ ይጠፋል። አንድን መልእክት ለብዙ ደንበኞች በአንድ ጊዜ መላክም ይቻላል፤ ነገር ግን የሚደርሰው የነጋዴዋን ቁጥር በስልካቸው ለመዘገቡት ብቻ ነው። እንግዲህ ደንበኛው ቁጥሯን እንዲመዘግብላት ማድረግ የመጀመሪያው ሥራ ይሆናል ማለት ነው። ቴሌግራም በቡድን እስከ 200,000 ሰው የሚይዝ ስለሆነ ለሰፊ ገበያ ይመቻል። ቲክቶክ ደግሞ በአጫጭር ተንቀሳቃሽ ሥዕሎች የማያውቁንን ሰዎች ያደርስልናል፤ ሆኖም የሚያየን ሰው ምናልባት በሌላ አገር የሚኖርና ፈጽሞ የማይገዛን ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ በአደባባዩ መታወቅ፣ በሰፈሩ ቡና ደግሞ ደንበኛ ማድረግ የተሻለ ነው። በካርቱም ባኹር፣ ኹምራ የተባለውን ሽቶና ቶብ የተባለውን ልብስ ከቤታቸው የሚሸጡ ሴቶች ይህን መንገድ ተጠቅመውበታል። ዕቃውን በፌስቡክ ያሳያሉ፤ ዋጋውንና አደራረሱን በዋትስአፕ ይነጋገራሉ።

የተከፈለበት ማስታወቂያ ለብዙዎቹ የሚቻል አልነበረም። አሜሪካ በሱዳን ላይ ከጥቅምት 1990 እስከ ጥቅምት 2010 ዓ.ም. ባጸናችው የንግድ ማዕቀብ ምክንያት በዓለም አቀፍ የክፍያ ካርድ መጠቀም እጅግ አስቸጋሪ ነበር። ከዚህም የተነሣ ትንሹ ነጋዴ ይተማመን የነበረው በደንበኛው ምስክርነት ነው። ይህ ችግር ሳይታሰብ ጥሩ ትምህርት ሆነ። ገዝቶ የረካ ሰው ለወዳጁ የሚናገረው ቃል በገንዘብ ከተገዛ ማስታወቂያ ይበልጥ ይታመናልና።

ጥሩ ማስታወቂያ ምን ይይዛል?

ሀ. አምስቱ መልሶች። ምን ይሸጣል? በስንት? የት? በስንት ሰዓት? እንዴት ይከፈላል? ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ገዢው መጠየቅ ይገደዳል፤ ከሚጠይቁት ይልቅ ትተው የሚያልፉት ይበዛሉ። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው ልማድም ጥርጣሬን ያሳድራል።

ለ. እውነተኛ ሥዕል። ከሌላ ሰው የተወሰደ የተዋበ ፎቶግራፍ ለአንድ ቀን ገዢ ያመጣል፤ ዕቃውን ሲያይ ግን ሁለተኛ አይመለስም። የራስን ጀበና፣ የራስን እንጀራ በቀን ብርሃን ማንሳት ይበቃል።

ሐ. የገዢው ቋንቋ። በካርቱም ቡና የምትሸጥ ኢትዮጵያዊት ደንበኞቿ ዐረብኛ፣ አማርኛና ትግርኛ ተናጋሪዎች ናቸው። በአማርኛ ብቻ ብትጽፍ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ገዢ አጣች ማለት ነው። ማንበብ ለማይችል ደንበኛ ደግሞ በድምፅ የተቀዳ መልእክት አለ።

መ. ቃልን መጠበቅ። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይባላል። በሰባት ሰዓት ይደርሳል የተባለ ምሳ በዘጠኝ ሰዓት ቢደርስ፣ ያንን ማስታወቂያ አለመለጠፍ ይሻል ነበር። በአገራችንም የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ከልክሏል።

ሠ. መጠንቀቅ። ማስታወቂያ የሚታየው ለገዢ ብቻ አይደለም። በካርቱም የፈቃድ ወረቀት የሌላቸውን ሻይ ሻጮች ፖሊስ በድንገት እየመጣ ዕቃቸውን ይወስድባቸው ነበር፤ ይህን አሰሳ «ከሻ» ይሉታል። እንዲህ ባለ ሁኔታ የምትሠራ ሴት ቦታዋንና ሰዓቷን ለዓለም ሁሉ ብትለጥፍ ከጥቅሙ ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል። ለምታውቃቸው ደንበኞች ብቻ መላኩ ብልኅነት ነው።

የትርፍ አቆጣጠር

ወጣቶች ብዙ ጊዜ የሚቆጥሩት የተመልካችንና የ«ወደድኩት»ን ብዛት ነው። በሒሳብ እንየው። አንድ መልእክት 200 ሰዎች አዩት እንበል። ከእነዚህ 20ዎቹ ጠየቁ፤ 6ቱ ገዙ፤ 4ቱ በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሰው መጡ። ሌላ መልእክት ደግሞ 2,000 ሰዎች አዩት፤ 10 ሰዎች ገዙ፤ ተመልሶ የመጣ ግን አንድ ብቻ ነው። ሁለተኛው የበለጠ የተሳካ ይመስላል። ነገር ግን ተመላሽ ደንበኛ በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ቢገዛ፣ ከመጀመሪያው ግዢ በኋላ ባሉት አሥር ሳምንታት የመጀመሪያው መልእክት 40፣ ሁለተኛው 10 ተጨማሪ ሽያጭ ያስገኛል። እንግዲህ መቆጠር ያለበት ያየው ሳይሆን የተመለሰው ነው።

መሣሪያው ሲቋረጥ

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንመጣለን። የማኅበራዊ መገናኛ ገጽ የነጋዴው ንብረት አይደለም፤ የሰው ግቢ ነው። ባለቤቱ በሩን ሊዘጋ ይችላል፤ መንገዱም ሊቆረጥ ይችላል። በካርቱም ይህ በተደጋጋሚ ደርሷል።

ግንቦት 26 ቀን 2011 ዓ.ም. በሠራዊቱ ጠቅላይ መምሪያ ፊት ለፊት የተቀመጡት ሰልፈኞች በኃይል ሲበተኑ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ በሰፊው የተመለሰው ሐምሌ 2 ቀን ነው። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ዋትስአፕና ኢንስታግራም በድርጅቱ የቴክኒክ ስሕተት በመላው ዓለም ለስድስት ሰዓት ያህል ጠፉ። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2014 ዓ.ም. ወታደራዊ መፈንቅል በተካሄደ ዕለት የሱዳን ኢንተርኔት እንደገና ተዘጋ፤ እስከ ኅዳር 9 ቀንም ቆየ። በአገራችንም ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት ከሦስት ሳምንት በላይ ተቋርጦ እንደነበር እናስታውሳለን።

ከሁሉ የከፋው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኃይል መካከል የተነሣው ጦርነት ነው። የካርቱም ሕዝብ ወደ ወድ መዳኒ፣ ወደ ገዳሪፍ፣ ወደ ፖርት ሱዳን ተበተነ፤ ወደ ግብፅና በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያም ተሰደደ። በከተማዋ የወረቀት ገንዘብ በመጥፋቱ ሰው የሚገበያየው «ባንካክ» በተባለው የካርቱም ባንክ የስልክ መተግበሪያ ሆነ። በጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ግን የስልክና የኢንተርኔት መሥመር በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ተቋረጠ። በዚህ ጊዜ የቆመው ማስታወቂያ ብቻ አልነበረም። ከውጭ በባንካክ በሚላክ ገንዘብ ለተራበ ሕዝብ ምግብ ያበስሉ የነበሩ ብዙ የሰፈር ማእድ ቤቶችም ሥራቸውን አቆሙ። አንድ መሥመር ደጅም፣ ኪስም፣ ጎተራም ሆኖ ሲቆረጥ ሁሉም አብሮ ይቆረጣል።

ሠራዊቱ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ቤተ መንግሥቱን መልሶ ከያዘ በኋላ ወደ ከተማዋ የተመለሱ ሰዎች አሉ። እንዲህ ካለ መበታተን በኋላ ንግድን እንደገና ለማቆም የሚረዳው ምንድን ነው? የተከታይ ብዛት አይደለም። ነጋዴዋ የደንበኞቿን ስምና ቁጥር የምታውቅ፣ እነርሱም እርሷን የሚያምኑ ከሆነ በሌላ ከተማም ቢሆን ልትጀምር ትችላለች።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ የደንበኛ መዝገብ በወረቀት ይያዝ። ስም፣ የስልክ ቁጥርና የሚወደው ዕቃ ይበቃል። በጦርነት ጊዜ ስልክ ይቀማል፤ ደብተር ግን በዘመድ ቤት ሊቀመጥ ይችላል። መዝገቡ አደራ ስለሆነ ለሌላ ሰው አይሰጥም።

ሁለተኛ፣ በአንድ መሥመር ብቻ አንተማመን። በ2011 ዓ.ም. የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ሲዘጋ በካርቱም የድምፅ ጥሪና አጭር የጽሑፍ መልእክት ይሠሩ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ግን እነዚያም ጠፉ። ስለዚህ የታወቀ ቦታና የታወቀ ሰዓት መኖሩ፣ ሁኔታው እስከፈቀደ ድረስ፣ ከሁሉ የማይቋረጥ ማስታወቂያ ነው።

ሦስተኛ፣ ገንዘብን ሁሉ በስልክ ውስጥ አለማኖር። ለጥቂት ቀናት ከሰልና ስኳር የሚገዛ ጥሬ ገንዘብ በእጅ ይኑር።

አራተኛ፣ ነጋዴዎች እርስ በርስ ይደራጁ። የአንዷ ስልክ ቢጠፋ የጎረቤቷ ሊጠራ ይችላል።

ለክፍል ሥራ

መምህራን ይህን ርእስ በአማርኛ፣ በሒሳብም ሆነ በዜግነት ትምህርት ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ተማሪዎች በየሰፈራቸው ያለች አንዲት አነስተኛ ነጋዴ ፈቃዷን ጠይቀው አምስቱን መልሶች የያዘ ከሃምሳ ቃል ያልበለጠ ማስታወቂያ ይጻፉላት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ስንት ሰው እንደጠየቀ፣ ስንቱ እንደገዛ፣ ስንቱ እንደተመለሰ በሠንጠረዥ ያስፍሩ። በመጨረሻም «ነገ ኢንተርኔት ቢቋረጥ ይህች ነጋዴ ደንበኞቿን እንዴት ታገኛለች?» የሚለውን ጥያቄ በቡድን ይወያዩበት። ለዚህ ጥያቄ አጥጋቢ መልስ ያገኘ ተማሪ ማኅበራዊ መገናኛን ያለ ፍርሃት ሊጠቀምበት ይችላል።