ለቅጥነት የተሠራው ሚዛን

ባሕር ዳር ላይ ፀሐይ በረድ ስትል ዘንባባዎቹ ሥር ከሚቀመጡት መካከል ሚዛን የያዘ ልጅ አይጠፋም። አላፊ አግዳሚው ጫማውን ሳያወልቅ፣ ስልኩን ከኪሱ ሳያወጣ ይወጣበታል፤ ቁጥሩን ያያል፤ ጥቂት ብር ሰጥቶ ይወርዳል። ጓደኛ አብሮት ካለ ፍርዱ ወዲያው ነው፦ «ጨምረሃል! ተመችቶሃል ማለት ነው።» ቀንሶ ከተገኘ ደግሞ ድምፅ ዝቅ ይላል፦ «ምነው፣ ደኅና አይደለህም እንዴ?»

በአማርኛችን መወፈር እስካሁን ምስጋና ነው፤ መክሳት ግን ያስጠይቃል። «ውፍረትም ሕመም ሊሆን ይችላል» የሚል ባለሙያ መጀመሪያ የሚጋፈጠው ይህን ቋንቋ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያስተዋውቀው ያንን ባለሙያ ነው፤ የውፍረት ሐኪሙንና ተመራማሪውን፣ የሚማርበትን በር፣ ሥራውን ይዞ የሚቀርብበትን መድረክ።

በሩን ፍለጋ ከተማውን ብትዞሩ «የውፍረት ሐኪም» የሚል ታፔላ ማግኘት ይከብዳል። ሙያው በሌሎች ሙያዎች ውስጥ ተሸሽጎ ነው ያለው። የስኳር ክትትል ክፍል ውስጥ አለ፤ ጉልበቷን የታመመችውን እናት የሚያየው የአጥንት ሐኪም ዘንድ አለ፤ የነፍሰ ጡር ክትትል ላይ፣ ደም ግፊት በሚለካበት ወንበር ላይ አለ። ፈለገ ሕይወትም ሆነ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ የሆነው ጥበበ ግዮን ሆስፒታል የሚመጣ ታካሚ «ወፍሬ አሞኛል» ብሎ ካርድ አያወጣም። ያሳመመውን ይዞ ይመጣል፤ ውፍረቱን የሚያነሳው፣ ካነሳው፣ ባለሙያው ነው።

እንዲህ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ የተወለደው ከረሃብ ነው። በፈረንጆቹ 1962 በስዊድን ድጋፍ አዲስ አበባ ላይ የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል ተቋቋመ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ። ፋፋ የተባለውን የሕፃናት ምግብ ለሀገሩ ያስተዋወቀው ይኸው ቤት ነው። ዛሬ ሥራው በኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ጥላ ሥር ይገኛል። ጤና ጣቢያ ውስጥ የምናየው የሕፃናት ሚዛን፣ በክንድ ላይ የሚጠመጠመው ባለ ቀለም መለኪያ፣ የእድገት መከታተያው ካርድ ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነበር፦ ይህ ሰው ምን ያህል ጎደለው? ስንት ተረፈው ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ለመጠየቅም የሚያበቃ ነገር አልነበረም።

አሁን ግን አለ። በ1992 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 30 በመቶው ቀጭን፣ 3 በመቶው ብቻ ከልክ ያለፈ ክብደት ያላቸው ሆነው አገኛቸው። በ2008 ዓ.ም. ቀጭኖቹ ወደ 22 በመቶ ሲወርዱ ክብደት ያለፈባቸው 8 በመቶ ደረሱ። ስምንት ትንሽ ቁጥር ትመስላለች። ሆኖም የገጠሩ ብዛት የከተማውን ይሸፍናል፤ ከተማ ከተማውን ለይቶ ያየ ሰው ሌላ ሀገር ያገኛል።

የአማራ ክልልን ጉዳይ የሚያወሳስበው ሌላ ቁጥር ደግሞ አለ። በዚያው በ2008ቱ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የክልሉ ሕፃናት 46 በመቶው ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት አላገኙም ነበር፤ ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነው። መቀንጨርን በ2030 በፈረንጆቹ ለማጥፋት ቃል የተገባበት የሰቆጣ ቃል ኪዳን ስሙን የወሰደው ከዚሁ ክልል ከተማ ነው። ታዲያ እንዲህ ባለ ቦታ ስለ ውፍረት ማውራት ቅንጦት አይደለም ወይ? ብዙ ሰው ይህን ይጠይቃል፤ አንዳንዴ ገንዘብ የሚመድቡትም ጭምር። እኔ ግን ሁለቱ አንድ ታሪክ ናቸው ባይ ነኝ።

የረሃብና የውፍረት ዝምድና የተገለጠው ሆላንድ ላይ ነው። በፈረንጆቹ ከ1944 እስከ 1945 በነበረው ክረምት ናዚዎች ምግብ በመከልከላቸው ምዕራብ ሆላንድ ተራበ። ያን ጊዜ ማሕፀን ውስጥ የነበሩ ወንዶች 19 ዓመት ሲሞላቸው ለውትድርና ተመረመሩ። በ1976 የታተመው ጥናት እናቶቻቸው በእርግዝናቸው የመጀመሪያ አጋማሽ የተራቡባቸው ልጆች ይበልጥ ወፍረው እንደተገኙ፣ በመጨረሻዎቹ ወራት የተራቡት ግን እንዳልወፈሩ አሳየ። ጽንሱ ከማሕፀን «ዓለም እጥረት ናት» የሚል መልእክት ይዞ ይወጣል፣ ያገኘውንም ያጠራቅማል የሚል መላምት አለ። እኛ ዘንድ ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ሆላንድ መሄድ አያስፈልግም። ሰሜን ወሎ ራያ ቆቦ ላይ ተመራማሪዎች በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ዘመን የተፀነሱና ጨቅላ የነበሩ ሰዎችን ዘግይተው ከተወለዱት ጋር አነጻጽረዋል፤ የወገብ ስብን፣ የደም ግፊትንና የስኳርን መዛባት በአንድ የሚይዘው ሜታቦሊክ ሲንድረም ማሕፀን ሳሉ በተራቡት ላይ ጎላ ብሎ ታይቷል። በረሃቡ ዓመት የተወለደው ሕፃን ዛሬ አርባን ያለፈ ጎልማሳ ነው፤ ከነዚህ አንዱ ምናልባት አሁን የዘንባባው ልጅ ሚዛን ላይ ቆሟል።

ጅማ ደግሞ ከሥር ጀምራለች። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ከኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ሕፃናትን ከተወለዱበት ሰዓት አንስቶ ይከታተላል። የሚለኩበት መሣሪያ ዝግ ክፍል አለው፤ ሕፃኑ ራቁቱን ገብቶ ለጥቂት ደቂቃ ይተኛበታል። መሣሪያው የአየሩን ግፊት ለውጥ ለክቶ የሕፃኑን መጠነ ይዘት ያሰላል፤ ክብደቱ ለዚያ ሲካፈል ጥግግቱ ይገኛል። ስብ ከሥጋ ስለሚቀል ስንቱ ስብ፣ ስንቱ ስብ ያልሆነ አካል እንደሆነ ከዚያ ይታወቃል። አንድ ሕፃን እዚያ ውስጥ ሲያለቅስ ማን ያባብለዋል ብዬ ማሰቤ አልቀረም።

ከሀገር የወጡትም ትምህርት ሆነውናል። ብዙዎቹ ከጎንደርና ከጣና ወዲያ ማዶ የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን እስራኤል ሲገቡ የስኳር ሕመም እምብዛም አልነበረባቸውም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን ጨመረ፤ ያውም ሌላው ሰው «ቀጭን» በሚባልበት ክብደት ላይ ሳሉ። ይህ ወደ ሚዛኑ ቁጥር ይመልሰናል። ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ስሌት ኪሎን ለቁመት በሜትር ሁለት ጊዜ ማካፈል ነው፦ 82 ኪሎ የምትመዝን 1.65 ሜትር ሴት 30 ትሆናለች፤ የውፍረት ደጃፍ ማለት ነው። ስሌቱን ያሰበው ቤልጂጋዊው አዶልፍ ኬትሌ ሲሆን በ1832 የፈለገው የአማካይ ሰውን ልክ እንጂ የታማሚን አልነበረም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በሠራተኞቹ ላይ ያካሄደው ጥናት የኢትዮጵያውያን ልክ ከ30 ዝቅ ማለት አለበት ብሏል። በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ በላንሴት መጽሔት ሥር የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ቁጥሩ ብቻውን ሰውን ታማሚ አያሰኝም፣ ወገቡ ይለካ፣ አካሉ መጎዳቱ ይታይ አሉ። ወገብ ለመለካት የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል፤ የድሃ ክሊኒክ በዓለም ፊት እኩል የሚቆምበት ብርቅ አጋጣሚ ነው።

መንገዱ ታዲያ ከባሕር ዳር በየት ይጀምራል? ሁለት ደጅ አውቃለሁ። አንዱ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ የሥነ ምግብ ትምህርት ክፍል ነው። ሌላው ደጅ ግን ሰው የማይጠብቀው ቦታ ነው፦ ፖሊ፣ ማለትም የቀድሞው ፖሊ ቴክኒክ። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየቶች እርዳታ የተከፈተው፣ ኢንጂነር የሚወጣበት ግቢ፣ ከምግብ ምህንድስናው ጎን ተግባራዊ ሥነ ምግብንም ያስተምራል። ጥሬ መረጃ ለሚፈልግ የአማራ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም እዚሁ ከተማ ነው። መጽሔት መግዛት ለማይችል ሒናሪ አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅትና አሳታሚዎች በፈረንጆቹ 2002 የጀመሩት፣ እንደኛ ያሉ ሀገሮች ተቋማት ውድ መጽሔቶችን በነፃ የሚያነቡበት መስኮት። መስኮቱ ኔትወርክ ይፈልጋል፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ ያለው ግጭት ደግሞ ኔትወርክንም መንገድንም ባልተጠበቀ ቀን ሲዘጋ ኖሯል። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ያለ የአዲስ አበባ ጉባኤ በአውሮፕላን የአንድ ሰዓት ነገር ቢሆንም ትኬቱ የሬዚደንትን፣ በስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ያለውን ሐኪም፣ ደመወዝ ይፈታተናል።

ጉባኤዎቹ ግን የሙያው ገበያ ናቸው። በፈረንጆቹ 1961 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበርና በ1989 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ማኅበር በየዓመቱ ይሰበሰባሉ፤ ለፈቃድ እድሳት የሚጠየቀውን ተከታታይ ሥልጠና ብዙዎች እንዲህ ባለው መድረክ ያሟላሉ። የአፍሪካ የሥነ ምግብ ኢፒዲሚዮሎጂ ጉባኤ ስምንተኛው በመስከረም 2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ነበር። ከባሕር ማዶ በፈረንጆቹ 2014 ስሙን የለወጠው የዓለም ውፍረት ፌዴሬሽን አለ፤ የእሱ ስኮፕ የተባለ ትምህርት በኢንተርኔት ስለሚሰጥ ቪዛ አይጠይቅም። አውሮፓ ላይ ለሚደረግ የውፍረት ጉባኤ ግን ቪዛ ይጠየቃል፤ ተቀባይነት ያገኘ ጽሑፍ ይዞ ኤምባሲ በር ላይ መቅረት በሙያው ውስጥ የታወቀ ነው። ለጀማሪ የምመክረው ትንሹን ነው፦ አንድ ጥያቄ፣ አንድ ክፍል፣ ብዙ ጊዜ ከ300 ቃል የማትበልጥ ማጠቃለያ። የውፍረት መድኃኒቱ ለጊዜው ይቆየን። የዓለም ጤና ድርጅት በነሐሴ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ሴማግሉታይድንና ዘመዶቹን፣ የስኳር ሕመም ከልብ ወይም ከኩላሊት ሕመምና ከውፍረት ጋር ለተደረበበት ታካሚ፣ በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል፤ ዝርዝር ውስጥ መግባትና ከፋርማሲ መደርደሪያ መድረስ ግን የተለያዩ ናቸው።

ከጣና ሐይቅ ዳር የሚነሱ ጥያቄዎች ሌላ ቦታ አይገኙም። አጥባቂው የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት 180 ቀን ያህል ይጾማል፤ ቅቤና ሥጋ ቀርቶ ሽሮና ዘይት ሲገባ ወገብ ምን ይሆናል? ፋሲካ በዋለ በወሩስ? ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናት ሲባል ኖሯል፤ ባጃጁ ሲበዛ የእነዚያ እግሮች ክብደት ወዴት ሄደ?

የዓለም የውፍረት ቀን መጀመሪያ ጥቅምት ላይ ነበር፤ ከ2020 በፈረንጆቹ ወዲህ የካቲት 25 ሆኗል፤ ዓድዋ በተከበረ በሁለተኛው ቀን፣ ብዙ ዓመት ደግሞ ዓቢይ ጾም ውስጥ። ያን ቀን ሐይቁ ዳር ሜትር ይዞ የሚቆም ነርስ ቢኖር ከሚዛኑ ልጅ ጎን ቢቆም ይሻለዋል። ሰልፉ ያለው እዚያ ነው፤ ልጁም ሂሳቡን ተካፍሎ ሜትሩን ለመያዝ እንደማያንገራግር እገምታለሁ።