«ባለ 500 ነው» ሲሏችሁ «የምኑ?» በሉ

ላፕቶፕ ልትገዙ ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ የምትሰሙት ቁጥር ነው። «አይ5፣ 8 በ256» ይላችኋል ሻጩ። ወይም ያሳጥረውና «ባለ 500 ነው፣ ሚሞሪው ትልቅ ነው» ብሎ ዋጋውን ይጠራል። ብዙ ሰው እንደገባው ሆኖ ራሱን ይነቀንቅና ይከፍላል። ይህ ነገር ያንገበግበኛል። ላፕቶፕ ለብዙዎቻችን የወራት ቁጠባ ነው፤ ቃላቱን ለመረዳት ግን አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። ስለዚህ ዛሬ በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ ከምትጠይቁኝ ቃላት ዋና ዋናዎቹን ላስረዳችሁ።

ከሚሞሪ እንጀምር፤ ትልቁ ጣጣ ያለው እዚህ ነው። በእኛ ገበያ ራሙም ሚሞሪ ይባላል፣ ሃርድ ዲስኩም ሚሞሪ ይባላል፣ ስልክ ውስጥ የምንሰካት ትንሿ ካርድም ሚሞሪ ናት። ሻጩ «ሚሞሪው ትልቅ ነው» ሲላችሁ ሳይዋሽ ሊያሳስታችሁ ይችላል ማለት ነው። ሁለቱን ለይታችሁ ጠይቁ፦ ራሙ ስንት ነው? ስቶሬጁ ስንት ነው?

ስቶሬጅ ፋይሎቻችሁ፣ ፎቶዎቻችሁ፣ ዊንዶውስ ራሱ የሚቀመጥበት ነው። ኮምፒውተሩ ቢጠፋም ያስቀመጣችሁት እዚያው ይቆያል። ራም ደግሞ አሁን፣ በዚህች ደቂቃ የከፈታችሁት ነገር የሚሠራበት ቦታ ነው። ሱቅን አስቡ፦ ስቶሬጁ ከኋላ ያለው መጋዘን ነው፣ ራሙ ዕቃ የሚዘረጋበት ባንኮኒ። መጋዘኑ የቱንም ያህል ቢሰፋ ባንኮኒው ጠባብ ከሆነ ባለሱቁ አንዱን ለማሳየት ሌላውን እየመለሰ ሲመላለስ ይውላል።

ዴስክቶፕ ላይ እየጻፋችሁ መብራት ድርግም ሲል ሴቭ ያላደረጋችሁት የሚጠፋውም በራም ጠባይ ነው። ራም ኤሌክትሪክ ሲቋረጥበት የያዘውን ሁሉ ይለቃል። ሴቭ ስታደርጉ ጽሑፉ ወደ ስቶሬጅ ይገለበጣል፤ ከዚያ በኋላ መብራት ቢሄድም ባይሄድም ሥራችሁ አለ። ዎርድ ሴቲንጉን ካልነካካችሁበት በየ10 ደቂቃው በራሱ መጠባበቂያ ይይዛል፤ ግን መብራት በሚቆራረጥበት አገር 10 ደቂቃ ረጅም ነው። አንድ አንቀጽ በጨረሳችሁ ቁጥር ኮንትሮልና ኤስን መጫን ልማድ ይሁንላችሁ።

የሰፈራችን ልጅ፣ የመመረቂያ ጽሑፏን የምትጽፍ ተማሪ፣ ላፕቶፕዋን ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ ቫይረስ ገብቶበት ነው መሰለኝ፤ ዎርድ ላይ ክሮም ስጨምርበት ቀጥ ይላል» አለችኝ። ሲሸጡላት «ባለ 500 ነው» ብለዋታል። እውነታቸውን ነው፤ የ500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ አለው፣ እሷ የተጠቀመችበት ግን ሩቡን እንኳ አይሞላም። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫንኩና ታስክ ማናጀርን ከፈትኩ። «ፐርፎርማንስ» በሚለው ስር ሚሞሪው 4 ጊጋባይት ነው፤ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ዲስኩ 100 ፐርሰንት ላይ ነው፤ ግራፉ ጣሪያውን ነክቶ አልወርድ ብሏል።

ቫይረስ አልነበረም። ራሙ ሲሞላበት ዊንዶውስ ትርፉን ወደ ሃርድ ዲስኩ እየገፋ፣ ሲፈልገው ደግሞ እየመለሰ ነበር። ሃርድ ዲስክ ደግሞ ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም። ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለው፤ የላፕቶፕ ሲሆን ብዙ ጊዜ በደቂቃ 5400 ጊዜ ይዞራል፤ በላዩ ላይ የማንበቢያው ክንድ ወዲያና ወዲህ እያለ የተጠየቀውን ይፈልጋል። ኤስኤስዲ የሚባለው ሌላው የስቶሬጅ ዓይነት ግን ይህ ሁሉ የለበትም። የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው ፈጥኖ ያነባል፣ ድምፅ አያሰማም፣ ላፕቶፑ ሲንገጫገጭም እንደ ሃርድ ዲስክ በቀላሉ አይጎዳም።

ልጅቷ አዲስ ላፕቶፕ አላስፈለጋትም። ሌላ 4 ጊጋባይት ራም ጨመርንበት፣ ሃርድ ዲስኩን በ256 ኤስኤስዲ ቀየርነው። ቁጥሩ ከ500 ወደ 256 ወረደ፤ ላፕቶፑ ግን ዎርዱንም ክሮሙንም ከፍቶ ሳይንገራገጭ መሥራት ጀመረ። ዛሬ ለትምህርትና ለቢሮ ሥራ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ቢጠይቀኝ ከ8 ጊጋባይት ራም በታች አትውረዱ፣ ባለ 1000 ሃርድ ዲስክና ባለ 256 ኤስኤስዲ ቢቀርብላችሁም ኤስኤስዲውን ያዙ እላለሁ። አንዳንድ ስስ ላፕቶፖች ላይ ራሙ ከቦርዱ ጋር ተበይዶ ስለሚመጣ በኋላ መጨመር አይቻልም፤ ይህንንም ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

አሁን ወደ ባይት። አንድ የላቲን ፊደል በኮምፒውተር ውስጥ አንድ ባይት ይይዛል። የእኛ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር መለያ ወደሆነው ዩኒኮድ ገብቷል፣ ዛሬም በአብዛኞቹ ስልኮች ላይ ይነበባል፤ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው፣ ድረ ገጾች በሚጠቀሙበት አጻጻፍ አንዱ ፊደል 3 ባይት ነው። «ሰላም» 9 ባይት ይሆናል ማለት ነው። ለጽሑፍ ይህ ኢምንት ነው፤ ሙሉ መጽሐፍ ብትጽፉበት ከጥቂት ሜጋባይት አያልፍም። በኤስኤምኤስ ላይ ግን ልዩነቱ ይታያል፦ በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ሆሄ ይይዛል፣ በአማርኛ ስትጽፉ 70 ብቻ። አጭር የመሰላችሁ የአማርኛ መልእክት እንደ ሁለት ወይም ሦስት የሚቆጠረው ለዚህ ነው።

ሺህ ባይት ኪሎባይት፣ ሺህ ኪሎባይት ሜጋባይት፣ ሺህ ሜጋባይት ጊጋባይት፣ ሺህ ጊጋባይት ቴራባይት ነው። ዲስክ ሠሪዎች የሚቆጥሩት እንዲህ ነው። ዊንዶውስ ግን በ1024 እያባዛ ይቆጥራል። ስለዚህ 500 ተብሎ የተሸጠላችሁ ዲስክ 465፣ 256ቱ 238፣ አንድ ቴራው 931 ሆኖ ይታያል። «ተቀንሶ ተሸጠልኝ» ብላችሁ ከሻጩ ጋር አትጣሉ፤ ዲስኩ ሙሉ ነው፣ የተለያየው ቆጠራው ነው።

ሌላው ግራ የሚያጋባው ሜጋቢትና ሜጋባይት ነው። የኢንተርኔት ፍጥነት የሚለካው በቢት ነው፣ የምታወርዱት ፋይል ግን በባይት። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። ቤታችሁ ያስገባችሁት መስመር 10 ሜጋቢት ከሆነ በሴኮንድ የሚያወርድላችሁ ቢበዛ 1.25 ሜጋባይት ነው። 700 ሜጋባይት የሆነ ፊልም ሁሉም ነገር ተሟልቶ እንኳ ከ9 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። መስመሩ ተበላሸ ብላችሁ ከመደወላችሁ በፊት ቁጥሩን ለ8 አካፍሉት።

ፕሮሰሰር፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ስሌት የሚሠራው ክፍል ላይ ብዙ አልቆይም፤ አንድ ነገር ብቻ ያዙ። «አይ5 ነው» የሚለው ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። የኢንቴል አይ5 ከወጣ ከ15 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የድሮውም የአሁኑም አይ5 ይባላል። ጀነሬሽኑን፣ ማለትም ስንተኛ ትውልድ እንደሆነ ጠይቁ። ከአይ5 ቀጥሎ ያለው ቁጥር 2520 ከሆነ 2ኛ ጀነሬሽን ነው፣ 8250 ከሆነ 8ኛ። ይህ ለዩዝድ ገዢ ትልቅ ነገር ነው፤ ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ጥቂት ነጠላ ሞዴሎችን ሳይጨምር ከ8ኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ነው፣ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ደግሞ በኦክቶበር 2025 አብቅቷል።

ስልክ ላይ ደግሞ አዲስ ነገር መጥቷል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ 16 ጊጋባይት ራም ተብሎ ይጻፋል፤ በትንሹ ከስሩ ስታነቡት «8 ሲደመር 8» ይላል። እውነተኛው ራም 8 ነው። የቀረው 8 ከስቶሬጁ ተቆርሶ እንደ ራም እንዲያገለግል የተመደበ ነው፤ ያ ደግሞ ከእውነተኛው ራም በጣም የዘገየ ነው። ደንበኛ የሚከፍለው በትልቁ ቁጥር ተማምኖ ነውና እንዲህ ተደርጎ መጻፉን ተገቢ ነው ብዬ አላምንም።

«ስልኬ ሞላ» የምትሉኝ አብዛኞቻችሁ ደግሞ ችግራችሁ ካሽ ነው። ካሽ አፕሊኬሽኑ ያንኑ ነገር ዳግም ከኢንተርኔት እንዳያወርድ ስልካችሁ ላይ የሚያስቀረው ቅጂ ነው። ይህን ጽሑፍ የምታነቡበት ቴሌግራም ራሱ ያያችሁትን ቪዲዮና ፎቶ ሁሉ እንዲህ ያስቀምጣል። ሴቲንግ ውስጥ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ፣ ከዚያ ስቶሬጅ ዩሴጅ ግቡና ካሹን አጽዱ። ፎቶዎቹ ከቻቱ አይጠፉም፤ ቴሌግራም ክላውድ ላይ፣ ማለትም ኩባንያው በሚያስተዳድራቸው ሰርቨሮች ላይ ስላሉ ስትነኳቸው እንደገና ይወርዳሉ። ያኔ ዳታ እንደሚቆጥር ግን አትርሱ። በዚያው ገጽ ላይ ፋይሎቹ ለስንት ጊዜ እንዲቆዩ መወሰንም ይቻላል፤ አንድ ሳምንት ላይ ብታደርጉት ደጋግማችሁ ከማጽዳት ትገላገላላችሁ።

በርካሽ የሚሸጡ ባለ 2 ቴራ ፍላሾችን እባካችሁ ተጠንቀቁ። ውስጣቸው 32 ወይም 64 ጊጋባይት ብቻ ሆኖ ለኮምፒውተሩ 2 ቴራ ነኝ እንዲሉ ተደርገው የሚሠሩ አሉ። መጀመሪያ ላይ በትክክል ይሠራሉ፤ እውነተኛው ቦታ ሲያልቅ ግን አዲሱ ፋይል በአሮጌው ላይ ይጻፋል ወይም ተበላሽቶ ይቀራል። የፋይሉ ስም ይታያል፣ ስትከፍቱት ግን አይከፈትም። የሠርግና የልደት ቪዲዮ በእንዲህ ዓይነት ፍላሽ አስቀምጠው ያጡ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ የጠፋውን መመለስ አይቻልም። ከገዛችሁ በኋላ ኤች2ቴስትደብልዩ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም እስከ ጫፍ ሞልታችሁ ፈትሹት፤ ጊዜ ይወስዳል፣ ውጤቱ ግን አያሻማም።

ሱቅ ስትሄዱ ላፕቶፑ ይከፈትላችሁ። ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ አባውት ስትሉ ፕሮሰሰሩና ራሙ ይታያሉ። ታስክ ማናጀር ውስጥ ፐርፎርማንስ ስትሉ ዲስኩ ኤስኤስዲ ይሁን ኤችዲዲ (ሃርድ ዲስክ) ከስሙ ሥር ተጽፏል። ሁለቱን ገጽ በስልካችሁ ፎቶ አንሱና ካልገባችሁ እዚያው ሱቅ ቆማችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ ባየሁበት ቅጽበት እመልሳለሁ። መልሱ እስኪደርሳችሁ ቀብድም ቢሆን አትክፈሉ።