ግማሽ ፒካፕ፣ ሙሉ ተሳቢ

ሰሊጥ ሲደርስ ሰው አይጠብቅም። ግንዱን ተከትለው የተደረደሩት የፍሬ ቋቶች ከታች ወደ ላይ እየደረቁ አፋቸውን ይከፍታሉ፤ በጊዜው ያልታጨደ ማሳ ፍሬውን መሬት ላይ ያፈሳል። በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ ማለትም በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ፣ ከመስከረም ማብቂያ እስከ ኅዳር ባሉት ሳምንታት ጎማ ያለው ነገር ሁሉ ሥራ የሚያገኘው በዚህ የተነሣ ነው። ከደጋ የወረዱ የቀን ሠራተኞች ያጭዳሉ፤ ነዶው ተከምሮ ይደርቃል፣ ይራገፋል፣ ጆንያ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ወዲያ ያለው ጣጣ የማጓጓዝ ነው። ጆንያውን ከማሳ አንሥቶ ገንደ ውሃ ወይም መተማ ዮሐንስ መጋዘን ድረስ ማን ያድርሰው?

ኢሱዙ አስፋልቱ ላይ ጌታ ነው። ከአስፋልት ሲወጣ ግን የቆላው ጥቁር አፈር ይጠብቀዋል፤ በክረምት እንደ ሙጫ ጎማ ላይ ይለጠፋል፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ የትራክተር ጎማ የተወውን ቦይ እንደ ድንጋይ ያደርቀዋል። ትራክተር ከነተሳቢው የትም ይገባል፤ ከፋብሪካ የወጣ የትራክተር ተሳቢ መግዛት ግን ጥቂት ሄክታር ለሚያርስ ገበሬ የሚታሰብ አይደለም። በሌላው ጫፍ ያለው የአህያ ጋሪ ነው። ርካሽ ነው፣ ጥገናው ቀላል ነው፣ ሆኖም ጥቂት ጆንያ ሲጫንበት አህያዋ ትቆማለች። በእነዚህ መካከል የዐሥር ኩንታል ክፍተት አለ። የአሮጌ ፒካፕ ጀርባ ደግሞ በተፈጥሮው የዐሥር ኩንታል ዕቃ ነው።

አሮጌ ፒካፕ በኢትዮጵያ በቀላሉ አይሞትም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ቀረጥ ሰማይ ሰቀለው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። በእጅ ያለው መኪና ዋጋው በእርጅናው ልክ አልወረደም፤ ስለዚህ ሞተሩ ይታደሳል፣ ካምቢዮው ይለወጣል፣ ላሜራው ይለጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1968 ለመጀመሪያ ጊዜ ከፋብሪካ የወጣው ቶዮታ ሃይሉክስ በየትውልዱ እየተለዋወጠ አገሩን የሞላው በዚህ ጽናቱ ነው። ያም ሆኖ አንድ ቀን ይመጣል፤ ተገልብጦ ካቢናው ይጨፈለቃል፣ ወይም ፊቱ ተገጭቶ ጥገናው ከዋጋው ይበልጣል። ያን ጊዜም ጀርባው ደህና ሊሆን ይችላል።

የፒካፕ አሠራር ለዚህ ያመቻል። የቤት መኪና አካሉ አንድ ወጥ ነው፤ ቢቆርጡት የሚይዘው የለም። ፒካፕ ግን ሁለት ረጃጅም ብረቶች በአግዳሚዎች የተያያዙበት መሰላል መሳይ ሻንሲ አለው፤ ካቢናውና የዕቃ መጫኛው በየራሳቸው ቡሎን እሱ ላይ ታስረዋል። በሁለቱ መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። ከዚያ ክፍተት ኋላ ያለውን ብቻ ቢያዩ፣ አክስል አለ፣ ባሌስትራ አለ፣ ሁለት ጎማ አለ፣ ፍሬን አለ፣ የኋላ መብራት አለ፣ የሚከፈት በር አለ። ተሳቢ ለመሆን የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ መጎተቻ።

ሥራው ከመቁረጥ አይጀምርም። በብዙ ፒካፖች የነዳጅ ታንከሩ ከካቢናው ኋላ በሻንሲው ጎን ተንጠልጥሎ ስለሚገኝ ግራይንደሩ ከመነሣቱ በፊት እሱ መውረድ አለበት። «ባዶ ነው» ብሎ መተው የከፋው ስሕተት ነው። ሙሉ ታንከር ውስጥ አየር የለም፤ ባዶው ውስጥ ግን ከአየር ጋር የተቀላቀለ እንፋሎት አለ፣ የሚፈነዳውም እሱ ነው። ናፍጣ ከቤንዚን ይሻላል የሚሉ በያጆች አሉ። በተራ ሙቀት ልክ ናቸው፤ የብየዳ እሳት ለነካው ታንከር ግን ልዩነቱ አያጽናናም።

ከዚያ ሻንሲው ይቆረጣል፤ የሚቆረጠውም የባሌስትራው የፊት ማሰሪያ ካለበት ራቅ ብሎ ነው። ቀሪው ርዝመት ሲበዛ ለሠሪው ሀብት ነው፤ ከእሱ ላይ ሁለት ብረቶች ወደ ፊት እየተጠጋጉ ሄደው አንድ ጫፍ ላይ ይገናኛሉ። ጫፉ ለትራክተር ከሆነ ፒን የሚያልፍበት ወፍራም ቀለበት ይበየድበታል፣ ለመኪና ከሆነ የ50 ሚሊ ሜትር ኳስ የሚውጥ መያዣ። ብየዳው እዚህ ላይ ይፈተናል። የፒካፕ ሻንሲ ስስ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ውፍረቱ ከጥቂት ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ብየዳው ብረቱን ቀጥ ብሎ አቋርጦ ከሄደ፣ እሳት የነካው መስመር በየጉድጓዱ እየተመታ አንድ ቀን ይሰነጠቃል። የሚያውቅ በያጅ መገናኛው ላይ ሰፋ ያለ ማጠናከሪያ ብረት ይደርብበታል፣ ብየዳውንም በሻንሲው ርዝመት ያስኬደዋል፤ ዐይነተኛው ጭነት ያለበትን ቦታ ደግሞ በቡሎን ያስራል።

ሚዛን ከብየዳው ይልቅ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ተሳቢ በሁለት ጎማ ላይ የቆመ በመሆኑ ክብደቱ ትንሽ ወደ ፊት ማድላት አለበት፤ ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 በመቶው መጎተቻው ላይ ቢያርፍ ጥሩ ነው። በምሳሌ እንየው። ከአክስሉ እስከ መጎተቻው ጫፍ 3 ሜትር ነው እንበል፤ የተጫነው 10 ኩንታል ሰሊጥ ነው። የጭነቱ መሃል ከአክስሉ 45 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ከሆነ መጎተቻው ላይ 150 ኪሎ ያርፋል፣ ደህና ነው። ያው ጭነት 45 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ቢሄድ ግን 150 ኪሎው የጎታቹን መኪና ቂጥ ወደ ላይ ያነሣል። የተነሣ መኪና የኋላ ጎማው መሬት አይጨብጥም፤ ፍጥነት ሲጨምር ተሳቢው ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፣ አንዴ ከጀመረ ደግሞ ፍሬን መርገጥ ያብሰዋል።

ዳብል ካብ ፒካፕ በዚህ በኩል ተንኮለኛ ነው። መጫኛው አጭር ሲሆን አብዛኛው ከአክስሉ ኋላ የተንጠለጠለ ነው፤ መኪና ሳለ ክብደቱን ፊት ያለው ሞተር ይመልስለት ነበር። ሞተሩ ሲሄድ መላሽ የለም። ስለዚህ ወይ መጫኛው ወደ ፊት ይገፋል፣ ወይ አክስሉ ከነባሌስትራው ወደ ኋላ ይዛወራል። ረጅም መጫኛ ያለው ሲንግል ካብ ግን እንዳለ ተቆርጦም ብዙ አያስቸግርም፤ ለተሳቢ የሚፈለገውም እሱ ነው።

ዲፈረንሻሉስ? ከካምቢዮ የሚመጣው ረጅም ዘንግ ተነሥቷል፤ ዲፈረንሻሉ የሚያዞረው የለም፣ ጎማዎቹ ግን በውስጠኛ ዘንጎቻቸው በኩል እሱን ያዞሩታል። በከንቱ የሚዞር ከባድ ብረት ነው፤ ለመቅለል ብሎ ማውጣት ያጓጓል። እዚህ ላይ የመኪናው ዐይነት ይወስናል። በአንዳንድ ላንድክሩዘሮች ክብደቱን የሚሸከመው የአክስሉ ቱቦ ራሱ ስለሆነ ውስጠኛው ዘንግ ተስቦ ቢወጣ ጎማው አይወድቅም። በአብዛኞቹ ሃይሉክሶች ግን ጎማው የታሰረው በዘንጉ ጫፍ ላይ ነው፤ የዘንጉ ሌላ ጫፍ ዲፈረንሻሉ ውስጥ ተደግፎ ነው የሚኖረው። ዲፈረንሻሉ ከወጣ ድጋፉ ይጠፋል፣ ሸክሙ ሁሉ በአንድ ኩሽኔታ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ በሃይሉክስ ዲፈረንሻሉ ይቀራል፣ ዘይቱም ይቀራል፤ ዘንጉ የነበረበት አፍ ደግሞ በላሜራ ይደፈናል፤ የመተማ አቧራ ባገኘው ቀዳዳ ይገባልና።

ፍሬን የሚናቅ ነገር ነው፣ ትራክተሩ ያቆመዋል እየተባለ። ሜዳው ላይ ያቆመዋል። ከቆላ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ግን ገንደ ውሃ ከባሕር ወለል በላይ አንድ ሺህ ሜትር እንኳ ሳትሞላ፣ አይከል ከሁለት ሺህ ሜትር ከፍታ ትመለከታታለች፤ በመካከል ያለው ቁልቁለትና ዳገት ነው። በአካባቢው ታሪክ የሚጎተት ሸክም ጣጣ የሚገባቸው ንጉሥ ነበሩ። የቋራው ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያስቀለጡትን፣ ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል መድፍ በሠረገላ ላይ ጭነው ከደብረ ታቦር መቅደላ ለማድረስ ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. ፈጅቶባቸዋል፤ የጅዳና የበሽሎ ሸለቆዎች ከመጎተት ይልቅ መያዝን የሚጠይቁ ነበሩ። የዛሬው ሠሪ ቀላል መላ አለው። የፒካፑ የእግር ፍሬን በዘይት ስለሚሠራ ሲቆረጥ ይሞታል፤ የእጅ ፍሬኑ ግን የሚሠራው በገመድ ነው። ገመዱን አሳጥሮ እጀታውን መጎተቻው ላይ ቢተክለው ቢያንስ ቆሞ ሲራገፍ አይንከባለልም። በአውሮፓ ሕግ ከ750 ኪሎ በላይ የሚመዝን ተሳቢ የራሱ የጉዞ ፍሬን ሊኖረው ግድ ነው፤ ፒካፕ ተሳቢ 10 ኩንታል ሲጫን ባዶ ክብደቱ ተጨምሮበት የዚህን እጥፍ ግድም ይመዝናል።

መብራቱ አስቀድሞ አለ፤ ሽቦ መሳብና ሶኬት ማድረግ ብቻ ነው። ያም ሆኖ አንድ ወጥመድ አለው፤ የፒካፑ አምፖል የ12 ቮልት ነው፣ የከባድ መኪና ባትሪ ደግሞ 24። አምፖሉ ሳይቀየር ከከባድ መኪና ጋር ከተሰካ ወዲያው ይቃጠላል፤ ከትራክተር ጋር ግን ብዙ ጊዜ ይስማማል። ከመጎተቻው ሥር ተመሳቅለው የሚታሰሩ ሁለት ሰንሰለቶችም ያስፈልጋሉ፤ ፒኑ ቢወልቅ መጎተቻው መሬት ወግቶ እንዳይገለበጥ።

ሀሳቡ ራሱ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ ኢኮኖሚው ሲደቅቅ ቤንዚን መግዛት ያቃታቸው የሰሜን ካሮላይና ገበሬዎች የመኪናቸውን የኋላ አክስል ቆርጠው በቅሎ ይጠምዱበት ጀመር፤ በፕሬዚዳንቱ ስም እየቀለዱ «የሁቨር ጋሪ» አሉት። በካናዳም ሞተሩ የወጣለት መኪና በፈረስ ሲጎተት በጠቅላይ ሚኒስትሩ ስም «የቤኔት ሠረገላ» ተባለ። ኢትዮጵያ ውስጥም በየከተማው የሚታየው ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ብዙ ጊዜ ከመኪና የወረሰው አካል አለው፤ ጎማው፣ ቸርኬው፣ አንዳንዴም አክስሉ። ከድንበሩ ማዶ፣ በገላባት፣ ሱዳኖች ካሮ የሚሉት የአህያ ጋሪም የቅርብ ዘመዱ ነው። ለአህያ የሚሠራ ከሆነ ግን ሙሉ የፒካፕ ጀርባ አይሆንም፤ ባዶውን አራት አምስት ኩንታል የሚመዝን ነገር አንዲት አህያ ላይ መጫን ግፍ ነው። ለእሷ የሚቀለውን አክስል ብቻ ወስዶ፣ ከባሌስትራው ጥቂት ቅጠል ቀንሶ፣ ላዩን በእንጨት መሥራት ይሻላል።

ሕጉም አለ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 ተሳቢንም ይመለከታል። ማሳ ለማሳ የሚንፏቀቅ ተሳቢ ላይ ማንም ቦሎ አይጠይቅ ይሆናል፤ አስፋልት ለመርገጥ ለሚፈልግ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፣ የተቆረጠው መኪናም ከመዝገብ መሰረዝ ይኖርበታል። ከወረቀቱ ይበልጥ የሚያሳስበው ሰው መጫኑ ነው። በአጨዳ ወቅት በትራክተር ተሳቢ ላይ ከጆንያው በላይ ተቆናጥጠው የሚሄዱ ሠራተኞች የተለመዱ ናቸው፤ ለጭነት የተመዘነ ሚዛን ግን ለሚንቀሳቀስ ሰው አይሠራም።

ከአጨዳ በኋላ ተሳቢው ሥራ አያጣም፤ በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ውሃ በበርሜል ይጭናል፣ ከዚያ ዘርና ማዳበሪያ። ሥራ ቢያጣም ኪሳራው ትንሽ ነው። መኪና ሲቆም ባትሪው ይሞታል፣ ነዳጁ ይበላሻል፣ ዓመታዊ ወጪው አይቆምም። ተሳቢ የሚፈልገው ጎማው ከፀሐይ እንዲሸፈንና ኩሽኔታው ግራሶ እንዲያገኝ ነው። ለዓመቱ ጥቂት ሳምንታት ብቻ አጥብቆ ለሚጭን ገበሬ ይህ ከማንኛውም የሞተር ጉልበት የሚበልጥ ብልጫ ነው።

የፊቱ ግማሽ ደግሞ ወጪውን ከሚችሉት አንዱ ነው። የሃይሉክስ ናፍጣ ሞተሮች፣ ባለ 2.4 ሊትሩ 2ኤል፣ ባለ 2.8 ሊትሩ 3ኤልና ባለ 3 ሊትሩ 5ኤል፣ በቶዮታ ሃይኤስ ሚኒባስ ውስጥም የሚገቡ ናቸው። ስለዚህ ሞተሩ ገና ካልተነካ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ፈላጊ አያጣም፤ ካምቢዮው፣ ራዲያተሩና መሪው ለየብቻ ይሸጣሉ፤ የተጨፈለቀው ካቢናም በኪሎ ለብረት ገዢ ይሄዳል። በያጁ የሚከፈለው ብዙ ጊዜ ከዚሁ ከተሸጠው ግማሽ ነው።