ፕሮቲንን የሚለውጡ ኢንዛይሞች በዳቦ እርሾ ውስጥ ያላቸው ሚና

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ በሚገኘው የመርካቶ ገበያ በእሽግ የሚሸጠው የዳቦ እርሾ ለዓይን ደረቅ ፍርፋሪ ቢመስልም፣ በአንድ ግራሙ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ሕያዋን ሕዋሳት ይገኛሉ። በሳይንሳዊ ስሙ ሳካሮማይሲስ ሰርቪዚዬ የሚባለው ይህ ደቂቅ ዘአካል በጠላና በጠጅ ፍላት ውስጥም ይሠራል። ሊጥ ኩፍ የሚለው ሕዋሳቱ ከድርቀት ነቅተው ሥራ ሲጀምሩ ነው። ይህን ሂደት ከሚመሩት መካከል ፕሮቲንን የሚለውጡ ኢንዛይሞች ይገኙበታል።

በሕዋስ ውስጥ የተሠራ ፕሮቲን ሁልጊዜ ወዲያው ሥራ አይጀምርም። ካይኔዝ የተባሉ ኢንዛይሞች ፎስፌት ሲጨምሩበት፣ ፎስፋቴዝ የተባሉት ደግሞ ሲያነሱለት ሥራው ይጀምራል ወይም ይቆማል። ሌሎች ኢንዛይሞች የስኳር ሰንሰለት በማያያዝ የሕዋሱን ግድግዳ ፕሮቲኖች ያዘጋጃሉ። ዩቢኪቲን የተባለውን ትንሽ ፕሮቲን የሚለጥፉም አሉ፤ ይህም ብዙውን ጊዜ የተለጠፈበት ፕሮቲን እንዲፈርስ የሚያደርግ ምልክት ነው።

እርሾ ሲደርቅ ሕዋሳቱን ከጉዳት ከሚጠብቋቸው ነገሮች አንዱ ትሬሃሎዝ የተባለ ስኳር ነው። እርሾው ውኃና ስኳር ሲያገኝ ካይኔዝ ትሬሃሌዝ በተባለው ኢንዛይም ላይ ፎስፌት ይጨምራል፤ ትሬሃሌዝም ነቅቶ የተከማቸውን ትሬሃሎዝ ወደ ግሉኮስ ይከፍላል። በረሃብ ጊዜ ግሉኮስ ለመሥራት የሚያገለግል ሌላ ኢንዛይም ደግሞ በዩቢኪቲን ምልክት ተደርጎበት ይፈርሳል። በዚህም ሕዋሱ ስኳርን በአንድ ጊዜ ከመሥራትና ከማቃጠል ይድናል። ከስኳሩ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሊጡን ያነሳል።

የዚህ ዕውቀት ፋይዳ ከዳቦ ያለፈ ነው። ሊላንድ ሃርትዌል በዳቦ እርሾ ላይ ባደረጉት ጥናት የሕዋስ መከፋፈልን የሚቆጣጠሩ ዘረ መሎችን በመለየታቸው እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። ከእነዚህም አንዱ የካይኔዝ ዘረ መል ሲሆን፣ ተመሳሳዩ በሰው ሕዋስ ውስጥም ስለሚገኝ ግኝቱ ለካንሰር ምርምር ጠቅሟል።

ሙቀትና እርጥበት የእርሾውን ሕዋሳት ስለሚገድሉ፣ በአግባቡ ያልተያዘ እሽግ የዳቦ ጋጋሪውን ዱቄትና ድካም ከንቱ ያስቀራል። ስለሆነም ነጋዴዎች እርሾን ከፀሐይና ከእርጥበት አርቀው እንዲያስቀምጡ፣ ሸማቾችም የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑን እንዲያዩ ይመከራል። ከማቡካት በፊት ጥቂት እርሾ ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ውኃ ውስጥ ከትንሽ ስኳር ጋር በጥብጦ 10 ደቂቃ ያህል መጠበቅ ይቻላል። አረፋ ከሠራ እርሾው ሕያው ነው፤ ካልሠራ ግን ዱቄቱን ለሌላ እርሾ ማቆየት ይገባል።